ከጅዳ ሪል የሚመጣልህ ከሆነ

ጠጋኟ፦ እንደምን ከረማችሁ። ለአዲስ አድማጮቻችን፣ እኔ ኮምቦልቻ የልብስ ስፌት መኪና እጠግናለሁ፣ ሪልም፣ የማጥመጃ ዘንግ ላይ የሚገጠመውን የክር መጠቅለያ፣ እፈታለሁ። ጋሼ ወሎ ውስጥ «ሐይቅ» በሚባለው ሐይቅ ዳር የኖሩ አጥማጅ ናቸው። ዛሬ ከመርሳ አንድ ወንድማችን ድምፁን ቀድቶ ልኮልናል። ታላቅ ወንድሙ ለዓረፋ ከጅዳ ይመጣል። «ምን ላምጣልህ?» ቢለው «ስፒኒንግ ሪል» ብሎታል። ዋጋው የማይከብድ፣ ሐይቅ ላይ የሚሠራ የትኛው ነው ይላል። ጋሼ፣ አንቱ ይጀምሩ።

አጥማጁ፦ እሺ ልጄ። እኔ ከስሙ በፊት መጠኑን ነው የምነግረው። ጅዳ የባሕር ከተማ ናት። ባለሱቁ የሚያውቀው ቀይ ባሕርን ነው፤ «ጥሩ ሪል ስጠኝ» ካሉት የመጠን ቁጥሩ 5000፣ 6000 ተብሎ የተጻፈበትን ትልቅ ሪል ያወጣል። አላታለለም፣ ለእሱ ባሕር ጥሩው ያ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ይከብዳል፣ እጅ ያዝላል። ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ፣ አፉ ትንሽ ነው። ትንሽ መንጠቆ፣ ቀላል እርሳስ፣ 0.20 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር ክር ይበቃዋል። 2500 ብሎ ይጻፍለት።

ጠጋኟ፦ የማን 2500 ግን? ይሄ ብዙ ሰው አሳስቷል። ዳይዋና ሺማኖ የጃፓን ሪል ሠሪዎች ናቸው፤ የድሮው የዳይዋ 2500 የሺማኖን 4000 ያክል ነበር። ዳይዋ በ2018 እ.ኤ.አ. ኤልቲ (LT) የሚላቸውን ሪሎች ሲያወጣ ነው መጠኑን ዝቅ ያደረገው። ስለዚህ ዳይዋ ከሆነ ቁጥሩ አጠገብ ኤልቲ የሚል መኖሩን ይይ። ያገለገለ ከገዛ ደግሞ ቁጥሩን ትቶ በእጁ ይመዝነው።

አጥማጁ፦ ይሄን እኔም አላውቅም ነበር።

ጠጋኟ፦ ሁለተኛው የኩሽኔታ ነገር ነው። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኩሽኔታ አለው?» ብሎ ነው። ስም የሌለው ሪል ሳጥኑ ላይ 13 ብሎ ይጽፋል። ሺማኖ ሲዬና በሚባለው ሪል ላይ 3+1 ይላል። 13 ከ4 ይበልጣል ብሎ ያንን ይገዛል። ጋሼ፣ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ፈትቼ አይቻለሁ። በሪል ውስጥ ዋናውን ሸክም የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ ትልቁን ጥርስ ግራና ቀኝ የያዙት፣ ከፊት ደግሞ የሚዞረውን ራስ የደገፈው። ሌላው እጀታው ውስጥም፣ እዚህም እዚያም ተሰክቶ ቁጥር ማብዣ ይሆናል። ጥርሱ በደንብ ካልተገጣጠመ 13ቱም አያለሰልሱትም።

አጥማጁ፦ ያቺ +1 ምንድን ናት?

ጠጋኟ፦ እሷ ሌላ ናት። እጀታው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትይዘው ናት። ዓሣው ሲነክስ ዘንጉን ቀና ስታደርግ እጀታው ትንሽ እንኳ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ መንጠቆው በደንብ አይገባም። ይህቺ ካለች ጥሩ ነው።

አጥማጁ፦ እኔ ግን ከኩሽኔታም ከምንም በላይ የምፈራው ድራጉን፣ ዓሣ ሲጎትት ክር የሚለቀውን ክፍል ነው። ልንገርሽ። እስጢፋኖስ ገዳም በሚታይበት በኩል፣ ቄጠማው ዳር ሲመሽ ቁጭ ብያለሁ። የያዝኩት ርካሽ ሪል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲዞር ድምፅ የማያሰማ። አምባዛ ያዘኝ። ትልቅ ነው፣ ከጉተታው ያስታውቃል። ሄደ፣ ሄደ። ድራጉ ክር መልቀቅ ሲገባው ደረቀ። ትንሽ ቆይቶ ዘለል ብሎ ለቀቀ፣ እንደገና ደረቀ። ክሩ ተበጠሰ። ዓሣው መንጠቆውን በአፉ እንደያዘ ሄደ። ማጣቴ አይደለም የሚቆጨኝ፣ ብረት ይዞ መሄዱ ነው። ያንን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠጋኟ፦ አዎ፣ ድራግ እንደ መኪና ፍሪሲዮን ነው። ዲስኮቹ ተደራርበው ይፋተጋሉ፤ ዓሣው ሲበረታ እየተንሸራተቱ ክር ይለቃሉ። የማይረባው ሲነሳ ይይዛል፣ ከዚያ በድንገት ይለቃል። ክር የሚበጥሰው ያ መያዝ ነው። ሱቅ ውስጥ መሞከር ይቻላል። ድራጉን ላላ አድርጎ ክሩን በእጁ ይሳበው። ክር ከሌለው ደግሞ እጀታውን አጥብቆ ይዞ ስፑሉን፣ ክሩ የሚጠቀለልበትን፣ በጣቱ ያዙረው። ሳይንገጫገጭ ከተነሳ፣ ጥሩ ነው።

አጥማጁ፦ ክሩን የሚመልሰውን ቅስት ሽቦም ሃያ ጊዜ ይክፈት፣ ይዝጋ። ባለሱቁ ቢናደድ ይናደድ።

ጠጋኟ፦ እጀታውንም ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቀው። አዲስ ሆኖ ከተንቀጠቀጠ ከዓመት በኋላ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ክሩ የሚያልፍባት ትንሽ ሮለርም በጣት ስትነካ መዞር አለባት። ካልዞረች ክሩን ትበላዋለች።

አጥማጁ፦ እንግዲህ ስም ንገሪው፣ ልጁ እየጠበቀ ነው።

ጠጋኟ፦ ከርካሾቹ ሺማኖ ሲዬና ወይም ዳይዋ ክሮስፋየር ኤልቲ። ሺማኖ የብስክሌት ማርሽ የሚሠራው ያው ኩባንያ ነው፣ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳካይ በምትባል የጃፓን ከተማ ያለ። ጥርስ መሥራት ያውቅበታል። በሁለቱ መካከል ብዙ አልጨነቅም፤ በእጁ የለሰለሰለትን ይውሰድ። ባለ 13ቱን ግን ይተወው።

አጥማጁ፦ ክሩስ? አንቺ የተገመደውን ትወጂያለሽ፣ እኔ ናይለን እላለሁ።

ጠጋኟ፦ በዚህኛው አንቱ ልክ ነዎት። ናይለን ይለጠጣል። ድራጉ ትንሽ ቢይዝ እንኳ መለጠጡ ይሸፍንለታል። የተገመደው አይለጠጥም፣ በርካሽ ሪል ላይ ስህተት አይምርም። ለስላሳ ስፑል ላይ ብቻውን ከተጠቀለለም ሙሉ ጥቅልሉ ይሽከረከራል፤ ከሥሩ ጥቂት ናይለን ይፈልጋል።

አጥማጁ፦ ድራጉን ስንት ላይ ያስረው?

ጠጋኟ፦ የክሩ ጉልበት ሩብ ላይ፣ ቢበዛ ሲሶው ላይ። ክሩ 4 ኪሎ ከቻለ፣ አንድ ኪሎ ገደማ ሲሳብ መልቀቅ ይጀምር። የሚንጠለጠል ሚዛን ካለው ክሩን አስሮ ይለካው። ሲጨርስ ደግሞ ድራጉን አላልቶ ያስቀምጠው፣ ዲስኮቹ ተጨምቀው እንዳያድሩ።

አጥማጁ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ሪል አይደለም። ቆሮሶ ሐይቃችን ውስጥ ድሮ አልነበረም፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በሰው እጅ የገባ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ነው የምትይዘው። ስትወጣ አፏ ሞልቶ ካያችሁ እጃችሁን አርጥባችሁ ቶሎ መልሷት። ሐይቁም፣ ጎረቤቱ አርዲቦ ሐይቅም የልጆቻችን ናቸው።

ጠጋኟ፦ አሜን። ወንድሜ፣ ለታላቅህ እንዲህ ብለህ ላክለት፦ ሲዬና 2500 ወይም ክሮስፋየር ኤልቲ 2500፣ ትርፍ ስፑል ካለው ከነትርፉ። ክሩን እዚያ እንዳያስጠቀልል፤ የባሕር ወፍራም ክር ይሞሉበታል። እዚህ ከአፉ ሁለት ሚሊ ሜትር ጎደል አድርገን እንሞላዋለን።

አጥማጁ፦ ይዞት ሐይቅ ይምጣ። ጥቅሉን እኔ ወጥሬ እይዝለታለሁ።