ልጁ ቤቱ ከገባ በኋላ ያለው ሥራ

በጅማ ከተማ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሲከበር የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የዕድር ዳኞች፣ ነጋዴዎች፣ የመናኸሪያ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ እንዲሁም ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ልጆቻችን፤ አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ጅርቱ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ ሰኔ 9 ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በዚህ ቀን የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ እንድንማር አንገደድም ብለው አደባባይ ወጡ፤ የጠበቃቸው ግን ጥይት ነበር። የአፍሪካ ሕፃናት ቀን የሚከበረው እነሱን ለማሰብ ነው። ለእኛ ለጅማዎች ደግሞ ቀኑ የሚውለው ከባድ ወቅት ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ዝናቡ ገብቷል። ከባለፈው ቡና የተገኘው ገንዘብ በየገጠሩ ቤት አልቋል፤ አዲሱ ቡና ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው። አዲስ ልጅ ወደ ከተማችን በብዛት ሲገባ የምናየው በእነዚህ ወራት ነው።

አመሻሽ ላይ መናኸሪያ ብትቆሙ አዲስ የመጣውን ልጅ መለየት አያስቸግርም። ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ከሚወጣው አውቶቡስ ላይ አይነቀልም። የቆዩት ልጆች አውቶቡሱን አያዩም፣ የሚያዩት የተሳፋሪውን ሻንጣ ነው፤ ተሸክመው ጥቂት ብር ያገኙበታል። አዲሱ ልጅ ግን ገና ልቡ ወደ ኋላ ነው። ያ ሰዓት ልጆችን ከጎዳና ወደ ቤተሰባቸው ለመመለስ ለምንሠራው ለእኛ ከሁሉም የከበረ ነው። ሳይመሽ ካገኘነውና ከየት እንደመጣ ከጠየቅነው ነገሩ ገና ቀላል ነው። ጥቂት ሌሊት በረንዳ ላይ ካደረ፣ ብርዱን ለመርሳት ማስቲሽ መሳብ ከለመደ፣ ትልልቆቹ የዕለት ገቢውን መቀማት ከጀመሩ በኋላ ግን ያው ልጅ ስሙን እንኳን በትክክል አይነግረንም።

ሴት ልጆችን በዚያ ቦታ አታዩአቸውም። አለማየታችን ሊያረጋጋን አይገባም። ከአውቶቡስ እንደወረዱ ሥራ አለ የሚል ደላላ ይዟቸው ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በየግቢው በር ጀርባ ወይም በየመጠጥ ቤቱ ነው ያሉት። እነሱን ፈልጎ ማግኘት ወንዶቹን ከማግኘት እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ የምትሠራ ትንሽ ልጅ ያለቻችሁ ካላችሁ፣ ከሥራው በፊት ትምህርት ቤት መግባቷን እንድታስቡ አደራ እላለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሕገ መንግሥታችን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ልጁን ከቤተሰቡ ጋር ማገናኘት የሥራችን ግብ የሆነውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው፣ ብዙ ለጋሽም ጭምር፣ ልጁ መኪና ላይ ተሳፍሮ ከሄደ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ልጁን ከቤት ያስወጣው ነገር እዚያው ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ከሰቃ ማዶ ከሚገኝ ቀበሌ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። እናቱ በደስታ ተቀበለችው፤ ረኃብም በቤቱ አልነበረም። ግን ተመልሶ መጣ። መለስነው፤ እንደገና መጣ። እኛ ስለ ምግብ፣ ስለ እንጀራ አባት፣ ስለ ዱላ ስንጠይቅ ከርመናል። በመጨረሻ አብራን የምትሠራ አንዲት ልጅ ጫማ ሲጠርግ አጠገቡ ተቀምጣ በአፋን ኦሮሞ ስታጫውተው ነገሩ ወጣ። ከአራተኛ ክፍል አቋርጧል፤ እኩዮቹ አልፈውታል፤ ከትንንሾች መሀል ረዝሞ መቀመጥን አልቻለም። የሚስቁበት በዚያ ነበር። መፍትሔው የሆነው አንድ መምህር በክረምቱ ማታ ማታ እያስጠናው ክፍሉን እንዲያካክስ ማድረግ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ማሟላት፣ በየወሩም ሄዶ ማየት ነው። ልጁ ዛሬም እናቱ ጋ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋው ነገር ይታሰብልኝ። ከከተማችን ዙሪያ የሚመጣው ልጅ ኦሮምኛ፣ ከሌላው አቅጣጫ የሚመጣው የምኛ፣ ዳውሮኛ ወይም ካፍኛ ተናጋሪ ነው። ፈርቶ የመጣ ልጅ ምሥጢሩን በተውሶ ቋንቋ አያወጣም። ዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እያወጣ በማስተማር የታወቀ ነው፤ ከየአካባቢው የመጡ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ማታ ቢሰጡን ከገንዘብ በላይ ይጠቅሙናል።

ስለ በዓላት ስጦታም በግልጽ ልናገር። በፋሲካ፣ በዒድ፣ በእንቁጣጣሽ ምግብና ልብስ ይዛችሁ የምትመጡ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይክፈላችሁ። ልጆቹ ቀኑን ሲጠብቁት ነው የሚከርሙት። ፊታቸውን እያነሱ በየማኅበራዊ ሚዲያው መልቀቅ ግን ይቅር። ያ ልጅ ነገ ሥራ ፈላጊ፣ ትዳር ፈላጊ ይሆናል። ከበዓል ወይም ከትልቅ ስብሰባ በፊት ልጆችን አፍሶ ከከተማ ማውጣትም እንዲሁ ይቅር፤ በእግራቸው ይመለሳሉ፣ ሲመለሱ ግን ከማንኛውም አዋቂ ሰው ይሸሻሉ፣ ከእኛም ጭምር። ለአንድ ልጅ ዓመት ሙሉ የሚደረገውን ክትትል፣ ማለትም የትራንስፖርቱን፣ የስልኩን፣ የደብተሩን ወጪ የሚችል ሰው ነው ያጣነው።

ጎዳና ላይ አድገው 18 ዓመት የሞላቸው ወጣቶች ደግሞ ሌላ ግንብ ይጠብቃቸዋል። መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ወይም የሚመሰክር ነዋሪ ይጠየቃሉ፤ በረንዳ አድራሻ አይሆንም። መታወቂያ ከሌለ የባንክ ደብተር የለም፣ መንጃ ፈቃድ የለም፣ ተደራጅቶ መሥራትም የለም። ሞያ አስተምረን ያስመረቅናቸው ልጆች በዚህ ምክንያት ተመልሰው ሻንጣ ሲሸከሙ ማየት ያንገበግባል። የዕድር ዳኞች ሆይ፣ የምታውቁትን ልጅ አውቀዋለሁ ብሎ መመስከር ምንም ገንዘብ አያስወጣም!

ይህች አገር ለሰው ልጅ ቤቷን መክፈት ታውቃለች። በዚህ ምድር በጉዲፈቻ ወግ የሌላውን ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ ማሳደግ የቆየ ነው። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በረኃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ባዩ ጊዜ ድርጅት አልነበራቸውም። ልጆቹን ቤታቸው አስገቡ፤ ድርጅቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስትወጡ በር ላይ ሦስት መዝገቦች ታገኛላችሁ። አንደኛው የሾፌሮችና የረዳቶች ነው፤ ብቻውን የተሳፈረ ልጅ ስታዩ ከመውረዱ በፊት እንድትደውሉልን ነው የምንጠይቀው። ሁለተኛው የጋራዥ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ቤት ባለቤቶች ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ስለሚከለክል የምናመጣላችሁ ዕድሜያቸው የደረሱትን ብቻ ነው፤ ከ18 በታች ላሉትም አደገኛ ሥራ አይሰጣቸውም። ሦስተኛው የአንድን ልጅ የዓመት ክትትል ለመሸፈን ለሚፈልግ ዕድር፣ ዕቁብ ወይም ቤተሰብ ነው። ስልካችሁን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ራሳችን እንደውላለን። ሾፌሮቹን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው መናኸሪያው ውስጥ እናነጋግራለን።

አመሰግናለሁ። ገለቶማ።