አጭሩ ጨረር ያንሳል ወይ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ)፦ ዶክተር፣ እህቴ ጡቷ ሳይቆረጥ ዕጢው ብቻ ወጣላት። ጨረር 3 ሳምንት ታዘዘላት፤ ጎረቤታችን ግን 5 ሳምንት ነው የወሰደችው። አሳንሰውባት ይሆን?

መልስ፦ አላሳነሱባትም እህቴ። የቆየው አሠራር 50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ25 የሕክምና ቀን፣ ማለትም በ5 ሳምንት ነው። አሁን የተለመደው 40 ግሬይ በ15 ቀን፣ ማለትም በ3 ሳምንት ሲሆን፣ በየቀኑ የሚሰጠው ከፍ ስለሚል ጠቅላላው ቢቀንስም ካንሰሩ ላይ ያለው ጉልበት አያንስም። እንግሊዞች 10 ዓመት ተከታትለው አይተውታል። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ 26 ግሬይ በ5 ቀን ብቻ ሰጥተው፣ በ5 ዓመት ክትትል ከ3 ሳምንቱ እንደማያንስ አሳዩ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ለሚታከም የሐዋሳ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ብብቷ ሥር ያለው ንፍፊት በካንሰሩ ከተነካ ግን ዕቅዱ ይለያል፤ ሐኪሟን ትጠይቅ። ብቻ ቀጠሮ እንዳታቋርጥ!

ጥያቄ፦ ጨረር ወስጄ ስመለስ ልጄን ልቀፍ?

መልስ፦ እቀፊው። ማሽኑ ሲጠፋ ሰውነትሽ ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም።

ጥያቄ (ከይርጋለም)፦ እናቴ ከ15ቱ 6 ቀን ወስዳ ቆዳዋ ቀላ። "አቃጠለኝ" ብላ መጣች። አሁን ቅቤና ቅጠል እየቀባናት ነው።

መልስ፦ ልጄ፣ ዛሬውኑ ቅባቱን አቁሙ። የቆዳ መቅላት የሚጠበቅ ነው፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሽራል። የሳሳ ቆዳ ላይ ቅጠል ሲለጠፍ ግን ይቆስላል፣ ያመረቅዛል። ለብ ባለ ውኃ ታጠቡ፣ ሳትፈትጉ በስሱ አድርቁ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ትልበስ። ሐኪሙ ያላዘዘው ነገር አይቀባ።

ከዚያ ይዛችኋት ተመለሱ። ዕጢው በኦፕራሲዮን ቢወጣም በዓይን የማይታይ ቅሪት ጡቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ዕጢያቸው ብቻ የወጣላቸውን ሴቶች 20 ዓመት ተከታትለው ነበር፤ ጨረር ካልወሰዱት ከ100 ወደ 39ኙ እዚያው ጡት ላይ ተመልሶባቸዋል፣ ከወሰዱት ግን ወደ 14ቱ ብቻ። መሐል ላይ ስታቋርጡ ደግሞ የተረፈው ሴል መልሶ ለመራባት ፋታ ያገኛል። አንዲት እናት ካቋረጠች ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ ዘንድ መጣች። የቀጠሮ ወረቀቷን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ፤ ታጥፎ ታጥፎ ጽሑፉ ጠፍቷል። ጡቷ ላይ ያለውን ሳየው ምን ልበላት? ጠበል የምትሉ፣ እኔም አማኝ ነኝ፤ ጸሎታችሁን አታስታጉሉ፣ ቀጠሮውንም አታቋርጡ። ያመለጡትን ቀናት እንዴት እንደሚያካክሱ የጨረር ሐኪሞቹ ያውቃሉ። ነገ ደውሉላቸው።

ጥያቄ፦ የታመመው ግራ ጡቴ ነው። ልቤን አይጎዳም?

መልስ፦ ስጋትሽ ተገቢ ነው። በሲቲ ስካን እያዩ ጨረሩ ልብን እንዲሸሽ ያቅዳሉ። በአንዳንድ ቦታ ትንፋሽ ስበሽ እንድትይዢ ያደርጋሉ፤ ያኔ ልብ ከጡቱ ራቅ ይላል። ቆዳሽ ላይ ያሰመሩትን ምልክት ፈትገሽ እንዳታጠፊው።

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ጨረሩ ቢቀርባትስ?

መልስ፦ ዕጢው ትንሽ ከሆነ፣ ንፍፊት ካልነካ፣ ለሆርሞን ክኒን የሚመልስ ዓይነት ከሆነና ክኒኑን ሳታቋርጥ የምትወስድ ከሆነ ሊቀር ይችላል። ይህን ግን በስልክ አልወስንም። የፓቶሎጂ ውጤቷን (የዕጢውን የላብራቶሪ ምርመራ ውጤት) ይዛችሁ የካንሰር ሐኪም ጋ ሂዱ።