ሳጥኑን ማን ደፋው?

የተከበራችሁ የዕደ ጥበብ ማኅበራችን አባላትና እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ «በቁርጥራጭ ወረቀት ምን ምን መሥራት እንደሚቻል ንገሪን» ብለው ነው የጋበዙኝ። እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን የሳጥኑ ጉዳይ አለ። አዲስ የመጣችሁ ታገሡኝ። የቆያችሁትማ ወዴት እንደምሄድ ገብቷችሁ ከወዲሁ ፈገግ ብላችኋል።

ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የነበረው ትልቁ ካርቶን ትዝ ይላችኋል? ሁላችንም የተረፈንን የምናስቀምጥበት። የስጦታ መጠቅለያ ጫፍ፣ ጊዜው ያለፈ ካላንደር፣ የተበላሸ የሥዕል መለማመጃ፣ ውስጡ በሰማያዊ መስመር የታተመ ፖስታ። በየቀለሙ ለይቶ ያስቀመጠው ሰው እዚሁ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፣ ዓይን አፋር ነው። ባለፈው ኤግዚቢሽን ዋዜማ ያ ካርቶን ተደፋ። ለምን? እንግዳ ስለሚመጣ ክፍሉ ጽድት ይበል ተብሎ። እሺ፣ ይሁን። በማግሥቱ የልጆቹ የሞዛይክ ጠረጴዛ ላይ ምን ቀረበ? በፕላስቲክ የታሸገ፣ በማሽን የተከታተፈ ባለቀለም ወረቀት፣ ከሱቅ! ማታ ቁርጥራጭ ደፍተን ጠዋት ቁርጥራጭ ገዛን። ያውም በማኅበሩ ገንዘብ!

ቆይ፣ ጭብጨባው ይቆይ። አልጨረስኩም።

አንዲት ትንሽ ልጅ ሰማይ ልትሠራ ተቀመጠች። ከፓኬቱ ሰማያዊውን ለቀመች፣ ለጠፈች። ጥቂት አየችውና «ሌላ ሰማያዊ የለም?» አለች። አልነበረም። አንድ ዓይነት ሰማያዊ፣ አንድ ዓይነት አራት ማዕዘን፣ አለቀ። ካርቶናችን ውስጥ እኮ የፖስታው ፈዛዛ ሰማያዊ ነበር፣ የካላንደሩ ባሕር ነበር፣ ፀሐይ ያነጣው መጠቅለያ ነበር። ከእነዚህ ነበር ሰማይ የሚወጣው። ልጅቷ መሬት ወደ መለጠፍ ተሻገረች። እኔ ግን እስካሁን እዚያው ሰማይ ላይ ነኝ።

ስጠይቅ «አልተጣለም፣ ለሪሳይክል ሄዷል» ተባልኩ። ይሄ መልስ ያናድደኛል። ወረቀት ተፈጭቶ እንደ አዲስ በተሠራ ቁጥር ቃጫው እያጠረና እየደከመ ይሄዳል። ውኃና ጉልበትም ይበላል። ዛሬ እንዳለ የሚለጠፍ ወረቀት ምን በደለና ነው ወደዚያ የሚላከው?

ደግሞ ትርፍራፊ መናቅ ከእኛ አያምርም። የወረቀት ታሪክ ሲነሣ የሚጠራው ቻይናዊው ጻይ ሉን እ.ኤ.አ. በ105 አሠራሩን ለቤተ መንግሥት ሲያቀርብ፣ ከዛፍ ልጣጭ ጋር የቀላቀለው አሮጌ ጨርቅና ያረጀ የዓሣ መረብ ነበር። ወረቀት ራሱ ከተጣለ ነገር ነው የተወለደው።

«የልጆች ሥራ ነው» ለምትሉ ደግሞ ሜሪ ዴላኒን ላንሣ። እንግሊዛዊት ባልቴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1772፣ በ72 ዓመታቸው፣ ባለቀለም ወረቀት በመቀስ እያደቀቁ አበባ መሥራት ጀመሩ። አንዱን ቅጠል ከተለያየ አረንጓዴ ቀጣጥለው፣ በጥቁር መደብ ላይ ለጥፈው። ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ለአሥር ዓመት ያህል ሠሩ። ወደ 1000 የሚጠጋው ሥራቸው ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። በእኛ ኤግዚቢሽን ቢሆን የት እንደሚሰቀል ታውቃላችሁ፤ ደረጃው ሥር!

አሁን ማጨብጨብ ይቻላል።

ወደ ተጠየቅኩት ልምጣ። ከመቀሱ በፊት እጃችሁን አስለምዱ። በፋብሪካ የተሠራ ወረቀት ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ ነው። ጋዜጣ በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ በሌላው በኩል እንደፈለገው ይጠማዘዛል። ተራራ ስትሠሩ የተጠማዘዘውን ፈልጉት። ባለቀለም የመጽሔት ገጽ ምስሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ በእጅ ስትቀድዱ ደግሞ፣ ከሁለቱ ቁራጮች በአንዱ ላይ ነጭ ጠርዝ ይወጣል። እሱ የማዕበል አረፋ ነው፣ የደመና ጫፍ ነው። በመቀስ አታገኙትም።

ዶቃ ለመሥራት ረጅምና ቀጭን ሦስት ማዕዘን ቁረጡ። ከሰፊው ጫፍ ጀምራችሁ ስቴኪኒ ላይ ጠቅልሉና ሹሉን ጫፍ በኮላ ዝጉ። ሲጠቀለል እምቢ ካለ ቃጫው በርዝመቱ ሄዷል ማለት ነው፤ ስትቆርጡ አቅጣጫውን ቀይሩ። ሲደርቅ ቫርኒሽ ቀቡት፣ ያለዚያ ላብ ያበላሸዋል። ኮላውን ስስ አድርጉ እንጂ ውኃ አታብዙበት፣ ወረቀቱ ይሸበሸባል።

ቀጫጭኑን ለኩዊሊንግ፣ ማለትም እየጠቀለሉ ቅርጽ ለማውጣት። ጠንካራውን ለዕልባት። ከጥፍር የሚያንሰውን አንድ ሌሊት ዘፍዝፋችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ በወንፊት አንሡት፣ አዲስ ወረቀት ይሆናል። የሚያብረቀርቀውን ግን ከዚህ አውጡት፣ በደንብ አይሟሟም። የሱቅ ደረሰኝ ደግሞ ወደ ልጆች ጠረጴዛ አይምጣ። አብዛኛው በሙቀት የሚጠቁር ኬሚካል የተቀባ ነው።

ሌላም ነበረኝ፣ ሰዓቱ ሄዷል።

ጥያቄዬ ይኸው። ክዳን ያለው አዲስ ሳጥን ይቀመጥ። ሲሞላ የሚጨምር ሰው መጀመሪያ ከውስጡ አውጥቶ ይሥራ፣ ማጠራቀም ብቻውን ሥራ አይደለምና። ለጽዳትም ለእንግዳም ተብሎ እንዳይደፋ ኃላፊ ይመደብለት። ለዘንድሮው ኤግዚቢሽን የታሰበው የተከታተፈ ወረቀት ግዢም ይሰረዝ። የሚቃወም ካለ አሁን እጁን ያውጣ። ከሌለ፣ ጸሐፊያችን፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።