ስም አስጠሪ የሌላቸው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣

ዛሬ የምናስባቸውን ሰዎች «አያቶቻችን» ለማለት አፌ አይታዘዘኝም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጦር ሜዳ የወደቀው የማንም አያት አይደለም፤ የአያት ወንድም ነው። በሦስት ዓመቷ ያረፈችውም የአያት እህት ናት። ለወግ ለማዕረግ ሳይበቁ ስለሄዱ ስም አስጠሪ አልተዉም። እኛ ደግሞ ዘር ስንቆጥር ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት እየተሻገርን በጎናቸው እናልፋለን። ክፋት ኖሮብን አይደለም፤ አቆጣጠሩ ራሱ ይጥላቸዋል።

በጦርነት የሞተውን አንዳንዴ መንግሥት ያስበዋል። ፈረንሳይ ውስጥ ቲፕቫል በሚባል ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1932 የተመረቀ ሐውልት አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሶም ግንባር ሞተው መቃብራቸው ያልታወቀ ከ72,000 የሚበልጡ የብሪታኒያና የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ስም ተቀርጾበታል። የአንዱ አጽም ተገኝቶ ማንነቱ ከተረጋገጠ በራሱ መቃብር ያርፍና ስሙ ከሐውልቱ ላይ ይነሳል። ስሙ ተፍቆ ዘመድ ደስ የሚለው እዚያ ብቻ ይመስለኛል።

የሕፃናቱ መዝገብ ግን የእናት ልብ ነው። ስማቸው እንኳ ለተከታዩ ልጅ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎህ የተወለደው እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1853 ነው። ልክ ከዓመት በፊት፣ በዚያው ቀን፣ ሞቶ የተወለደ ወንድም ነበረው፤ ስሙም ቪንሰንት። ሠዓሊው በተወለደባት በዙንደርት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ የገዛ ስሙ የተጻፈበት መቃብር ነበር።

የሥነ ሕዝብ ጥናት የሚሠሩ ሰዎች እናትን «ስንት ልጆች አሉሽ?» ብለው አያቆሙም። «በሕይወት ተወልዶ የሞተብሽ አለ?» ብለው ለብቻው ይጠይቃሉ፤ አልቅሶ ብዙ ሳይቆይ ያረፈ እንደሆነም ደግመው ያጣራሉ። በደፈናው ከተጠየቀ የሞቱት እንደሚዘለሉ ያውቃሉ።

እኔም ከእነሱ ተማርኩ። አያቴን ስንት ልጅ እንዳላት ስጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ «አራት» ነበር። አንድ ቀን «ስንት ወለድሽ?» አልኳት። «ሰባት» አለችና ሦስቱን በየስማቸው ጠራችልኝ። ሁለቱን ኩፍኝ በአንድ ሳምንት ወስዷቸዋል፤ ሦስተኛው ዘምቶ የቀረ ነው። ያን ያህል ዘመን ያልጠየቅኳት እኔ ነኝ እንጂ እሷስ ቅደም ተከተላቸው እንኳ አልተዛነፈባትም።

እናንተም የዘር ሐረጋችሁን ስትጽፉ ከአያቶቻችሁ ጎን ቦታ ተዉ። ዕድሜው ካልታወቀ «ጨቅላ»፣ ስም ሳይወጣለት ከሄደ «ወንድ» ወይም «ሴት» ማለት ይበቃል። አሮጊትና ሽማግሌ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ሲያለቅሱ ብታዩ አትደንግጡ፣ አታቋርጧቸው።

እኔ ሦስት ስም ይዤ መጥቻለሁ። ብድግ በሉልኝና ልጥራቸው። ከእኔ ቀጥሎ የሚጠራው ማን ነው?