ኮባውን ወደ ገበያ እንመልሰው

የተከበራችሁ እንጀራና ዳቦ ሻጮች፣ ባለ ሱቆች፣ የሰፈራችን እናቶችና ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ድፎ ዳቦ ጋግራችኋል። ኮባው፣ ማለትም የእንሰቱ ቅጠል፣ መጀመሪያ በእሳት ለብለብ ይደረጋል። ያኔ ይለሰልሳል፤ ሲያጥፉት አይሰነጠቅም። ሊጡ በላዩ ይፈስሳል፣ ተሸፋፍኖ ይጋገራል። ቤቱን ከሚያውደው ሽታ ግማሹ የቅጠሉ ነው። ያንኑ ዳቦ ግን ለጎረቤት ስንልክ ፌስታል ውስጥ እንከተዋለን። ይሄ ሁሌም ይቆጨኛል።

እንጀራውም እንደዚሁ ነው። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ስንከተው ያልበዋል። እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ውሃ ሆኖ እንጀራው ላይ ይመለሳል። ከዚያ ቶሎ ይሻግታል። መሶብ ግን በሣር የተሰፋ ስለሆነ ይተነፍሳል። እናቶቻችን አክርማና ስንደዶ የሰፉት ለጌጥ ብቻ አልነበረም።

የእንሰት አገር ሰዎች ደግሞ ከሁላችንም ይበልጣሉ። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ተሸፍኖ ወራት ይቆያል። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል። እንሰቱ ሲፋቅ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ይሆናል፤ ገመድ ይገመድበታል። አንድ ተክል ምግቡንም ማሸጊያውንም ማሰሪያውንም ይሰጣል። ማሸጊያው ሲጣል ከብት ይበላዋል ወይም አፈር ይሆናል። ፌስታል የበላች ላም ግን ሆዷ ውስጥ ይቋጠርባታል።

ሕጉ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ፌስታሉ ግን ከእጃችን አልወጣም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠንከር ያለ አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ምትኩን አሁን ማዘጋጀት አለብን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንጠነቀቅ ይገባል። «ከበቆሎ የተሠራ ነው፣ ይበሰብሳል» የሚባል ፕላስቲክ አለ። እውነት ከበቆሎ ስታርች ይሠራል። ግን አብዛኛው የሚበሰብሰው ሙቀቱ 60 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ፣ ቆሻሻን ወደ ማዳበሪያ በሚቀይር ጣቢያ ነው። ቦይ ውስጥ ከተጣለ ለዓመታት እዚያው ይቆያል። ከመግዛታችሁ በፊት የት እንደሚበሰብስ ጠይቁ።

ኮባ ሁሉን ይተካል አልልም። ዘይትና መድኃኒት አይያዝበትም። ቶሎ ይደርቃል፤ ከፌስታልም ይወደዳል። ቅጠሉ ከልክ በላይ ከተቆረጠም እንሰቱ ይጎዳል። ለዳቦ፣ ለቅቤ፣ ለአይብ ግን ከእሱ የተሻለ አላየሁም። ለእንጀራ መሶብ ወይም ንጹሕ ጨርቅ፣ ለአስቤዛ ዘንቢል አለን።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ዳቦ ሻጮች፣ አሥራችሁ ተሰባስባችሁ ከአንድ ገበሬ ጋር ተዋዋሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ኮባ ያምጣላችሁ፤ ዋጋውን ተካፈሉት። እንጀራ ሻጮች፣ የራሱን ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ትንሽ ቀንሱለት። ወጣቶች፣ ቅጠሉን የሚያጥብና የሚለበልብ ሰው ያስፈልጋል፤ ሥራው የእናንተ ሊሆን ይችላል።

በሩ አጠገብ ዛሬ ጠዋት የመጣ ኮባ አለ። እሳቱም ተያይዟል። ኑ፣ አብረን እንለብልበው።