የደረቀ የፒፓ ትምባሆን ማለስለስ፤ ደሴ ላይ ለትምባሆ ነጋዴዎችና አጫሾች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና የገበያ ወዳጆች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ከጥቅምት እስከ ጥር ደሴ ላይ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ የታጠበ ልብስ እንዴት ፈጥኖ እንደሚያደርቅ ታውቃላችሁ። ክዳኑ ያልገጠመ የትምባሆ ቆርቆሮም ከዚህ ነፋስ አያመልጥም። ከውጭ ዘመድ የላከው የፒፓ ትምባሆ መደርደሪያ ላይ ከርሞ ሲከፈት እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል። ያኔ አንዱ ይጥለዋል፣ ሌላው ውሃ ያርከፈክፍበታል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ውሃው ለቅጠሉ መድረስ ያለበት በአየር በኩል፣ ቀስ ብሎ ነው።

መጀመሪያ የጠፋውን እንለይ። ከቅጠሉ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሽታ የሚሰጠው፣ በቀላሉ የሚተነው ዘይትም አብሮ ይሄዳል። ውሃው ይመለሳል፣ ዘይቱ ግን አይመለስም። ስለዚህ ቫኒላ ወይም ቼሪ የተጨመረበት ትምባሆ ለስልሶም የድሮ ሽታውን አይሰጥም። ጣዕሙ ከቅጠሉ ከራሱ የሆነው ቨርጂኒያ የተባለው የትምባሆ ዓይነት ግን ደህና አድርጎ ያገግማል፤ ልፋቱም የሚያዋጣው ለእንዲህ ያለው ነው።

መጠኑን በሚዛን ያዙት። ለፒፓ የሚስማማው ከክብደቱ ከመቶ 12 እስከ 14 ያህሉ ውሃ ሲሆን ነው። ሲነኩት የሚፈረፈር ትምባሆ 8 ገደማ ላይ ነው ብለን እናስላ። 100 ግራም እንዲህ ያለ ትምባሆ 92 ግራም ደረቅ ነገር አለው። ወደ 13 ለማድረስ ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 106 ግራም መድረስ አለበት። የሚጎድለው 6 ግራም ውሃ ብቻ ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጥቂት የሚበልጥ! ለ50 ግራም ቆርቆሮ 3 ግራም ይበቃል። እንዲህ ላለው ልዩነት የእህል ሚዛን አይሆንም፤ የወርቅ ሠሪ ሚዛን ፈልጉ።

አሠራሩ ይህ ነው። ትምባሆውን ሰፊና ጎድጓዳ የብርጭቆ ሳህን ውስጥ ሳትጠቀጥቁ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት በትኑት። የሳሙና ሽታ የሌለው ነጭ የጥጥ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ንከሩና ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ጭመቁት። የሳህኑን አፍ ሸፍናችሁ ዙሪያውን በገመድ እሰሩት። በጨርቁና በትምባሆው መካከል ቢያንስ ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር፤ ጨርቁ ረግቦ ቅጠሉን ከነካ ሥራው ተበላሸ። በየሦስት ሰዓቱ ክፈቱ፣ ከታች ወደ ላይ አገላብጡ፣ መዝኑ። ጨርቁ ከደረቀ እንደገና አርጥቡት። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይወስዳል። ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭጋጉ ደሴን ሲሸፍን፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ሳህኑን ያለ ጨርቅ ከፍቶ ማሳደር ሊበቃ ይችላል።

ውሃ ማርከፍከፍ ለምን ይጎዳል? ጠብታው ያረፈበት ቅጠል ሁሉን ይጠጣል፣ ጎረቤቱ እንደደረቀ ይቀራል። እርጥቡ ቦታ ይሻግታል፤ ሻጋታውም ወደ ቀረው ይዛመታል። የድንች ልጣጭ ወይም የብርቱካን ቅርፊት ትምባሆው ባለበት ብልቃጥ ውስጥ መጨመርም አይበጅም፤ ልጣጩ ራሱ ፈጥኖ ይሻግታል። በእሱ ፋንታ ትንሽ የገል ስባሪ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ንከሩ፣ ላዩን በደንብ ጥረጉና በብልቃጡ ክዳን ሥር በወረቀት ላይ አስቀምጡት። ገሉ ግን ያልታሸ አዲስ ሸክላ ይሁን። የታሸ ምጣድ ቅባት ስለጠጣ ውሃ አይቀበልም፤ የአሮጌ ጀበና ስባሪም የቡና ሽታውን ይሰጣል። ትምባሆ ሽታ ይስባል፤ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ብልቃጡ አይከፈት።

ተጨምቆ እንደ ጠፍጣፋ ቂጣ የተጣበቀው ትምባሆ ደርቆ ሳለ አይፈተፈት፤ ዱቄት ይሆናል። ሳይነካካ እንዳለ ይለስልስ፣ ከዚያ ይፈተፈት።

መድረሱን በጣት እወቁ። ቆንጥራችሁ ጨምቁና ልቀቁት። ከተሰባበረ ይቀረዋል። እንደ ቡኮ ከተጣበቀ በዝቶበታል። ቀስ ብሎ ከተፈታ ደርሷል። የበዛበት ትምባሆ ፒፓ ውስጥ ይንቦጫቦጫል፣ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፣ እንፋሎቱም ምላስ ያቃጥላል። ይህ ሲሆን ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ሥር አናፍሱት፤ ፀሐይና ምጣድ አይንካው።

ነጭ ነገር ካያችሁ አትደንግጡ፣ ግን አስተውሉ። በብርሃን ፊት የሚያብለጨልጭ ቅንጣት የስኳር ክምችት ሊሆን ይችላል። እንደ ሸረሪት ድር የተንሳፈፈ፣ የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ያለው ግን ሻጋታ ነው። ለይቶ መልቀም አያዋጣም፤ ሙሉውን ጣሉ፣ ብልቃጡንም በፈላ ውሃ እጠቡ።

ጋያ የምታጨሱ ወገኖች፣ በቅሉ ያለው ውሃ ደረቁን ቅጠል አያለሰልስም፤ ቅጠሉ የሚነደው ከውሃው በላይ ነው። ውሃው የጭሱን መርዝም አያስቀርም። ማለስለስ ትምባሆውን ለማጨስ ያመቸዋል እንጂ ጉዳቱን አይቀንስም። ኒኮቲን በውሃ ይሟሟል፣ በእርጥብ ቆዳም ይገባል፤ ስለዚህ እጃችሁን ታጠቡ፣ ሳህኑ ለምግብ አይዋል፣ ልጆችም አይድረሱበት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥ ከልክሏል፤ ነጋዴዎች ይህን አትርሱ።

የለሰለሰው ትምባሆ ብልቃጥ ውስጥ ተከድኖ ከ5 እስከ 7 ቀን ይረፍ፤ እርጥበቱ ከላይ እስከ ታች እኩል የሚሆነው ያኔ ነው። ቀኑንና ክብደቱን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት። በሳምንቱ መልሳችሁ መዝኑ። ከቀነሰ ክዳኑ አየር ያስወጣልና ትምባሆውን እንደገና ከማርጠባችሁ በፊት ክዳኑን ለውጡ።