ኦክቶፐስ ሲሳል አይበላሽም

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለኝም፣ ድምጼም ትንሽ ጎርነን ብሏል ቻሉኝ። ስለ ልጄ ላወራችሁ ነው።

ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ እና ላጲስ ይጨርሳል። ማለቴ... አንድ መስመር ያሰምራል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ያሰምራል፣ ያጠፋል፣ በቃ ወረቀቱ እስኪቀደድ። ክፍል ውስጥም ያው ነው፣ መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም፣ "ብሳሳትስ?" ነው የሚለኝ። እኔ ደሞ ጎበዝ፣ አንደኛ ነህ፣ በጣም ያምራል ምናምን እያልኩ ጭብጨባ። አያምነኝም። ልክ ነዋ፣ አንዳንዴ ስዕሉን ሳላየው ሁላ ነበር የማደንቅለት፣ ስልኬ ላይ አፍጥጬ።

የለወጠው ኦክቶፐስ ነው፣ ያ ባለ 8 እጁ የባሕር እንስሳ። (ሳቅ) የእውነቴን ነው። ቪዲዮ ላይ አየውና ሊስለው ተቀመጠ። አያችሁ ቤት ስትስሉ ግድግዳው ከተጣመመ ተጣመመ ነው፣ ሰው ስትስሉም አንዱ ዓይን ከፍ ካለ ሁሉም ያየዋል፣ ኦክቶፐስ ግን አጥንት የሚባል ነገር የለውም፣ እጁ ቢጠማዘዝ፣ ጭንቅላቱ ቢንጋደድ፣ ተጣጥፎ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ቢገባ ያው ኦክቶፐስ ነው። ላጲሱን ረሳው። አንድ ቀን እጆቹን ሲቆጥር 10 ሆኑበት፣ 8 ነበር መሆን ያለባቸው፣ አሁን ሊቀደው ነው ብዬ ስጠብቅ ትንሽ አሰብ አደረገና ሁለቱን አስረዘማቸው፣ "በቃ ስኩዊድ ይሁን።" እውነትም ስኩዊድ የሚባለው የኦክቶፐስ ዘመድ 8 እጅና ከነሱ የሚረዝሙ 2 መያዣዎች ነው ያሉት፣ እኔ የት አውቄ፣ በኋላ ተደብቄ ጎግል ነው ያደረግኩት።

ከዛ ማንበቡ መጣ። ኦክቶፐስ 3 ልብ አለው፣ ደሙ ሰማያዊ ነው፣ የባሕር ፈረስ የሚያረግዘው ወንዱ ነው... ይቺን እንኳን ለአባቱ ስንት ቀን ሲነግረው ከረመ። እና እኔ በራስ መተማመን እንደ ጆግ ውሃ ከላይ በሙገሳ የምሞላለት ነገር ይመስለኝ ነበር፣ እሱ ግን እኔ የማላውቀውን ነገር ሲያገኝ ነው ቀና ማለት የጀመረው።

ባለፈው አብረን እንሳል አለኝ። እኔ ዓሣ ነባሪ ሳልኩ፣ ጭራውን ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። አየት አደረገውና "እማ፣ እሱ የሻርክ ጭራ ነው።" እንዴት? አልኩት። መዳፉን እያወዛወዘ አሳየኝ፣ ሻርክ ጭራውን ግራና ቀኝ ነው የሚመታው ስለዚህ የቆመ ነው፣ ዓሣ ነባሪ ግን ላይና ታች ነው፣ ጭራው የተኛ ነው፣ ደሞ ስሙ ነው እንጂ ዓሣም አይደለም፣ በሳንባ ነው የሚተነፍሰው፣ ይሄን ሁሉ ሲለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ አንዴም ሳይንተባተብ። ከዛ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ላጲስ ልስጥሽ?"